ተከራይ ሳይለቅ ቤት ስለ ማሳየት

የኪራይ ቤት ሁለት ጌታ አለው። አንደኛው በካርታና በግብር ደረሰኝ የሚታወቀው ባለቤት ሲሆን፤ ሁለተኛው ኪራዩን እስከ ከፈለበት ቀን ድረስ በቤቱ የሚያድር፤ የሚታመምና እንግዳ የሚቀበል ተከራይ ነው። ሁለቱ በሰላም በሚኖሩበት ዘመን የአንዱ መብት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ጥያቄው የሚነሣው ተከራዩ «እለቃለሁ» ካለበት ቀን ጀምሮ ቁልፉን እስከሚያስረክብበት ቀን ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። በዚያች አንድ ወይም ሁለት ወር ውስጥ ባለቤቱ አዲስ ሰው ለማግኘት ይቸኩላል፤ ደላላው ሰው አስከትሎ ይመጣል፤ ቤት ፈላጊውም ግድግዳውን ሊያንኳኳና የውሃውን ቧንቧ ከፍቶ ሊያይ ይፈልጋል። በቤቱ የሚኖረው ቤተሰብ ግን ገና አልወጣም።

ይህ የጎረቤት ጭቅጭቅ እንጂ የንግድ ጉዳይ አይደለም፤ በነጋዴዎች ጋዜጣ ላይም ሊነሣ አይገባውም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ነገሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው ከነጋዴው ወገን ይበልጥ ይህ ጉዳይ የሚነካው ወገን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አስመጪው ከዓመት ዓመት ያጠራቀመውን ትርፍ በቤት ላይ ያውላል፤ ስለዚህም አከራይ ነው። ባለሱቁ ሱቁን ከአንዱ፤ መኖሪያውን ከሌላው ይከራያል፤ ስለዚህም ሁለት ጊዜ ተከራይ ነው። ቡናና የቅባት እህል ወደ ውጭ አገር የሚልከውም መጋዘን ሲከራይና ሲያከራይ ይኖራል። የሒሳብ ሠራተኛው፤ ገንዘብ ያዡና ሾፌሩ ደሞዛቸውን ተቀብለው በመጀመሪያ የሚከፍሉት የቤት ኪራይ ነው። የአንድ ሠራተኛ ቤት ማታ ባልታሰበ እንግዳ የታወከ እንደ ሆነ፤ በማግስቱ የሚታወከው የድርጅቱ መዝገብ መሆኑን አሠሪ ሁሉ ያውቀዋል።

በአዲስ አበባ፤ በኮልፌ በኩል፤ ሦስት ክፍል ቤት ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ የበርበሬና የቅመማ ቅመም ነጋዴ ላይ የደረሰው ነገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ነጋዴው የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በአግባቡ ሰጥቶ፤ ኪራዩንም እስከ ወሩ መጨረሻ ከፍሎ ነበር። ባለቤቱም ትርፍ ቁልፍ ስለ ነበረው ቁልፉን ለደላላ ሰጠ። ደላላው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ወንዶች አስከትሎ መጥቶ፤ በሩን ቢያንኳኳ የሚከፍትለት ስላላገኘ በቁልፉ ከፍቶ ገባ። በሩ ያልተከፈተበት ምክንያት በቤቱ ውስጥ አራስ ስለ ነበረች ነው። የነጋዴው ሚስት ከተገላገለች አሥር ቀን አልሞላትም ነበር፤ እናቷም በጓሮ ገንፎ እያገነፉ ነበር። ሰዎቹ መጋረጃውን ገልጠው ከአራሷ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መተረክ አያስፈልግም። እናትየው በጩኸት መንደሩን ሰበሰቡ፤ ነጋዴው ከመርካቶ ሥራውን ጥሎ መጣ፤ አራሷም በዚያው ሳምንት ወደ ዘመድ ቤት ተወሰደች። ነጋዴው የቀረውን የኪራይ ገንዘብ መልስልኝ ሲል፤ ባለቤቱም ቤቴን ባሳይ ምን አጠፋሁ ሲል ሽማግሌ ፊት ቀረቡ። ሦስቱ ቤት ፈላጊዎች ጠብ ያለበትን ቤት አንፈልግም ብለው ሔዱ። ደላላው ድካሙ ባከነ። ቤቱም ሁለት ወር ባዶውን ከረመ። ከአምስቱ ወገኖች የተጠቀመ አንድ እንኳ አልነበረም፤ ጉዳቱ ሁሉ የመጣው ከአንድ ቀን በፊት ሊነገር ይችል ከነበረ ከአንድ ቃል እጦት ነው።

አራስ ያለችበት ቤት ሁልጊዜ አይገኝም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ሕመምተኛ ያለበት፤ ልቅሶ የተቀመጡበት፤ ልጅ ለፈተና የሚያጠናበት፤ ሌሊት ሲሠራ ያደረ ሰው ቀን የሚተኛበት ቤት ግን ሁልጊዜ ይገኛል። ከነዚህም አንዱ ባይኖር ሰው በገዛ ቤቱ ያለ ምክንያትም ቢሆን ተሸፍኖ ለመኖር መብት አለው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ አንድ ልማድ ተጨምሯል። ደላላው ቤቱን በዐይን ከማሳየት አልፎ በስልኩ ፊልም ያነሣዋል፤ ያነሣውንም በቴሌግራምና በመሰል መንገድ ለማያውቀው ሕዝብ ይበትነዋል። ሥራው ፈጣን መሆኑ አይካድም፤ ቤት ፈላጊውንም ከብዙ ልፋት ያድነዋል። ነገር ግን የሚነሣው ባዶ ቤት አይደለም። ቴሌቪዥኑ የት እንደ ተሰቀለ፤ ቁም ሣጥኑ በየትኛው ክፍል እንዳለ፤ የመስኮቱ ብረት ጠንካራ ይሁን ልል፤ የጓሮ በር በምን እንደሚዘጋ ሁሉ በዚያ ፊልም ላይ ይታያል። ብዙ ነጋዴዎች ደረሰኛቸውን፤ ቼካቸውን፤ አንዳንድ ጊዜም ባንክ ሳይደርስ ያመሸውን የዕለት ሽያጭ በቤታቸው ያሳድራሉ። የእንዲህ ያለ ሰው መኝታ ቤት በስንት ሺህ ሰው እጅ እንደ ገባ ተከራዩ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከወዳጅ ነው፤ «ቤትህን በስልክ አየሁት» ተብሎ። ለሌባ ካርታ ስሎ መስጠት ከዚህ የተለየ ሥራ አይደለም። ደላላው ይህን የሚያደርገው በክፋት ሳይሆን ሳያስበው መሆኑ ቢታወቅም፤ ንብረቱ ለተሰረቀበት ሰው ግን ልዩነቱ ብዙ አይጠቅመውም።

ሱቅን በሚመለከት ነገሩ ይልቁንም ይከፋል፤ በሱቅ የሚታየው ግድግዳ ብቻ አይደለምና። በመርካቶ አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ንግድ የነበረው አንድ ሰው ሱቁን ለመልቀቅ ባስታወቀ ጊዜ፤ ባለቤቱ ሱቁን ለማየት የሚመጡትን ሰዎች በሥራ ሰዓት ያስገባቸው ጀመር። ከመጡት አንዱ በዚያው መስመር የሚነግድ ተወዳዳሪው ነበር። ይህም ሰው ሱቁን ለመከራየት አሳብ ነበረው ወይ አልነበረውም እግዚአብሔር ያውቃል፤ ነገር ግን ከኋላ ባለው ማከማቻ ገብቶ የትኛው ጣቃ እንደ ተራገፈና የትኛው አቧራ እንደ ጠጣ ተመለከተ፤ በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን የላኪውን ስምና ምልክትም አነበበ። በዚያው ቀን የነጋዴው ዱቤ ወሳጆች ሱቁ ለሌላ ሊሰጥ መሆኑን ሰምተው «ሊዘጋ ነው፤ ከስሯል» የሚል ወሬ ተናፈሰ። ነጋዴው ግን ወደ ሰፋ ሱቅ ሊዛወር እንጂ አልከሰረም ነበር። ዱቤውን ለመሰብሰብ ስድስት ወር ፈጀበት፤ ከስሯል የተባለ ሰው ዕዳ የሚከፍለው የለምና። በንግድ ዓለም ስም ከዕቃ ይበልጥ ዋጋ እንዳለው የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ስለ ሆነ ከዚህ በላይ ማብራራት አያሻም።

ይህ ሁሉ ሲባል የባለቤቱ ወገን የሚናገረው የለውም ማለት አይደለም። ያለው ነገርም ቀላል አይደለም። በወር 20,000 ብር የሚከራይ ቤት አንድ ወር ባዶውን ቢያድር የዓመቱ ገቢ ከ240,000 ወደ 220,000 ብር ይወርዳል፤ ይኸውም ከመቶ 8 እጅ በላይ የሆነ ኪሣራ ነው። ብዙ ነጋዴ በአንድ የዕቃ ጭነት ላይ ይህን ያህል ማትረፍ ይቸግረዋል። ለባለ ብዙ ቤት ይህ ጉዳት የሚቻል ነው። ነገር ግን በከተማችን አከራይ የሚባለው ሁሉ ባለ ፎቅ አይደለም። በግቢዋ ውስጥ ሁለት የሰርቪስ ክፍል አከራይታ በዚያ ልጆች የምታስተምር መበለት አከራይ ናት፤ ጡረታው ስለማይበቃው የልጁን ክፍል ያከራየ ሽማግሌም አከራይ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የአንድ ወር ባዶ ቤት ማለት የአንድ ወር ዘይትና ጤፍ ማለት ነው። ተከራይ እስኪወጣ ጠብቀህ ከዚያ በኋላ ሰው ፈልግ ማለት በርኅራኄ ስም የሚደረግ ጭካኔ ይሆናል።

ከተከራይም ወገን ጥፋት አይታጣም። በስልክ ሲጠሩት የማያነሣ፤ «ዛሬ አይመችም» የሚለውን ቃል ለአሥር ቀን የሚደጋግም፤ ቤቱን ሆን ብሎ አቆሽሾና አዝረክርኮ የሚያሳይ፤ ባለቤቱን በአንድ ነገር ስለ ተቀየመ ብቻ ለመጣው ሰው ሁሉ «ጣሪያው ያፈሳል፤ ጎረቤቱ ጠበኛ ነው» እያለ የሌለውን የሚያወራ ተከራይ አለ። ሌላም ወገን አለ፤ እለቃለሁ ብሎ ቀኑ ሲደርስ የማይለቅ። ባለቤቱ አዲሱን ሰው ተዋውሎ ገንዘብ ተቀብሎ ሳለ አሮጌው ተከራይ «ያሰብኩት ቤት ስላልተሳካ አንድ ወር ጨምርልኝ» ይላል፤ አዲሱም ዕቃውን በመኪና ጭኖ ደጅ ቆሟል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረውን ሁከት ያየ ሰው ባለቤቶች ስለ ምን እንደሚጨነቁ ይገባዋል።

እንግዲህ ሕጉ ወደሚለው እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ13ኛው አንቀጹ፤ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር ማንም ሰው ያለ ነዋሪው ፈቃድ በሰው መኖሪያ ቤት ሊገባ እንደማይችል ይደነግጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ26ኛው አንቀጹ የሰውን የግል ሕይወትና መኖሪያ ያስከብራል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፤ ሕጉ የሚጠብቀው የሚኖረውን ሰው መሆኑን ነው። ባለ ካርታው ቤቱን ካከራየ በኋላ ግንቡና ጣሪያው የእርሱ ሆኖ ይቀራል፤ መግባትና መውጣቱ ግን የተከራዩ ፈቃድ ሆኗል። ትርፍ ቁልፍ በኪስ መያዝም የመግባት መብት አይሰጥም። ብዙ ባለቤቶች በቅንነት የሚሳሳቱት በዚህ ነው፤ «ገና በገዛ ቤቴ ፈቃድ ልጠይቅ?» ይላሉ። አዎን፤ ኪራይ ማለት ይህን ፈቃድ በገንዘብ መሸጥ ነው።

ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1731ኛው አንቀጹ ደግሞ በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል ይላል። የነገሩ መፍትሔ የሚገኘው ከዚህ ነው። ቤቱ ከመለቀቁ በፊት በየትኛው ቀንና ሰዓት፤ በማን አማካይነት፤ በስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሚታይ ሁለቱ ወገኖች ሲዋዋሉ በጽሑፍ ቢያኖሩት ጸብ የሚነሣበት በር ይዘጋል። ሰዎች ውል ሲጽፉ ስለ መግባት እንጂ ስለ መውጣት አያስቡም፤ ሙሽራ ስለ ፍቺ እንደማያስብ ማለት ነው። የኪራዩን ልክ፤ የቅድሚያውን ክፍያ፤ የመብራትና የውሃውን ሒሳብ በዝርዝር ጽፈው፤ የመጨረሻውን ወር ለዕድል ይተዉታል።

ዛሬ ደግሞ ውሉን በጽሑፍ ማድረግ የሚመረጥ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፤ የቅድሚያው ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዟል። በ2016 ዓ.ም. የተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ የሁለት ዓመት ውሎች ዘመናቸው የሚሞላው በ2018 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ ቀድሞ በየወሩ እየተበታተነ ይደረግ የነበረው ቤት ማሳየትና ቤት ማየት በአንድ ሰሞን ሊሰበሰብ የሚችል መሆኑን ማሰብ ይገባል። አዋጁ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅንና መጋዘንን ስላልሆነ፤ የንግድ ቤት ተከራዮች መተማመኛቸው የፍትሐ ብሔር ሕጉና ራሳቸው የሚጽፉት ውል ነው።

የሌሎችን አገሮች ልማድ ማየትም አይጎዳም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ረኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። በፈረንሳይ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ ሕግ፤ ተከራይ ቤቱን በበዓል ቀን ወይም በሥራ ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲያሳይ የሚያስገድድ የውል ቃል እንዳልተጻፈ ይቆጠር ይላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ባለቤቱ ቤቱን ለአዲስ ተከራይ ለማሳየት መብት አለው፤ ነገር ግን ቀኑን፤ ሰዓቱንና ምክንያቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አስቀድሞ መስጠት ይኖርበታል፤ 24 ሰዓት አስቀድሞ የተሰጠ ማስጠንቀቂያም በቂ ሆኖ ይገመታል፤ የሚገባውም በተለመደው የሥራ ሰዓት ነው። በዋሽንግተን ግዛትም፤ ማለት ሲያትል በምትገኝበት፤ ቤት ለማሳየት ቢያንስ የአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በእነዚህ አገሮች የባለቤት መብት አልጠፋም፤ ሰዓት ተበጀለት እንጂ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው በወኪል ያከራያሉ። በውጭ አገር በተከራይነታቸው የሚከበርላቸውን የአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ፤ በአገራቸው በአከራይነታቸው ወኪሎቻቸው እንዲያከብሩ ማዘዝ ለእነርሱ ከባድ አይሆንም።

በመሠረቱ ግን ይህን ትሕትና ከባሕር ማዶ መዋስ የሚያስፈልግ አልነበረም። በአገራችን የሰው ደጅ ሲደርሱ «ቤቶች!» ብሎ መጣራት፤ «ማነው? ይግቡ» እስኪባል ድረስም ከደጅ መቆም የቆየ ልማድ ነው፤ ባላገር የቅርብ ዘመዱ ቤት እንኳ ሳይጣራ አይገባም። ይህ ልማድ በኪራይ ቤት ላይ ለምን እንደ ላላ ምክንያት ቢፈለግ፤ አንዱ ምክንያት በመካከል የተቋረጠው ዘመን ይመስላል። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች በቀበሌ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት በመንግሥት የኪራይ ቤቶች ድርጅት ሥር ገቡ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ስለ ኖረ፤ ቤት ለማየት የሚመጣ እንግዳ፤ እንግዳ የሚያስገባም ባለቤት አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ ሲስፋፋ አከራዩም ተከራዩም ደላላውም ለሥራው አዲስ ነበሩ፤ ከአሮጌዎቹ አከራዮች ወግ የሚማሩበት ጊዜ አልነበራቸውም። የቤት እጥረቱ ደግሞ ተከራዩን ዝም ብሎ እንዲችል አስተማረው።

እንግዲህ በውል ቢጻፍ መልካም የሚሆነው ምንድን ነው? ሰፊ ነገር አይደለም፤ አራት ወይም አምስት መስመር ይበቃዋል። ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ሰው የሚያመጣበትን ቀን ከአንድ ቀን በፊት ለተከራዩ ያስታውቅ፤ የሚታይበትም ሰዓት በሳምንት ሁለት ቀን፤ በቀን ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ ይሁን። የበዓል ቀን፤ የእሑድ ጧትና የዓርብ ስግደት ሰዓት ይቅር። ተከራዩ ወይም እርሱ የወከለው ሰው በሌለበት ማንም አይግባ። ደላላ ብቻውን አይምጣ፤ ከመጣም የባለቤቱ ሰው አብሮ ይኑር። ተከራዩ ሳይፈቅድ ፎቶግራፍና ፊልም አይነሣ፤ ቤቱን በሥዕል ማሳየት የፈለገ ባለቤት ቤቱ ባዶ በሆነ ጊዜ አንሥቶ ሊያስቀምጥ ይችላልና። ይህ የመጨረሻው እጅግ ቀላል ዘዴ ሆኖ ሳለ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት መሆኑ ያስገርማል። ለሱቅ ደግሞ የሚታይበት ሰዓት ከመዝጊያ በኋላ ሆኖ፤ ማከማቻው ተከራዩ ዕቃውን ከሸፈነ በኋላ ብቻ እንዲታይ መዋዋል ያስፈልጋል።

ተከራዩም በበኩሉ በተባለው ሰዓት በር ከፍቶ፤ ቤቱን እንደ ወጉ ጠርጎ የመቆየት ግዴታ ይግባ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ያፈረሰ እንደ ሆነ ባለቤቱ በአንድ ሽማግሌ ምስክርነት የማሳየት መብት ይኑረው። የሚለቅበትንም ቀን በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ከዚያ ቀን ያለፈ እንደ ሆነ በአዲሱ ሰው ላይ ለሚደርሰው ወጪ ኃላፊ ይሁን። ባለቤቱ ደግሞ በመጨረሻው ወር ከኪራዩ ላይ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ሒሳብ ቢቀንስ አይጎዳም፤ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የ20,000 ብር ቤት የሦስት ቀን ኪራይ 2,000 ብር ነው። በ2,000 ብር 20,000 ብር ከመጥፋት ማዳን በማንኛውም የሒሳብ መዝገብ የሚያስመሰግን ነው። ተከራዩም ለድካሙ ዋጋ እንዳገኘ ሲያውቅ እንግዳውን ፊቱን አጨማዶ አይቀበለውም።

ባለቤቶች አጥብቀው የሚፈሩት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይኸውም አሮጌው ተከራይ ለአዲሱ የሚነግረው ነገር ነው። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፤ ቆጣሪው የጋራ መሆኑንና ሒሳቡ እንዴት እንደሚከፋፈል፤ በክረምት ጎርፍ በየት በኩል እንደሚገባ ከሚኖርበት ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አንዳንዱ ባለቤት ተከራዩ በሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ተጣድፎ ማሳየትን ይመርጣል። ይህ ግን አጭር ጥበብ ነው። ጉድለቱን ሳያውቅ የገባ ተከራይ በሦስተኛው ወር ይጣላል፤ ኪራይ ያስቀራል፤ ወይም ዘመኑን ሳይጨርስ ለመውጣት ይሞክራልና ባለቤቱ ያንኑ ደላላ ዳግመኛ ይከፍላል። ጉድለቱን አውቆ፤ በዋጋው ላይ ተነጋግሮ የገባ ሰው ግን ይቀመጣል። የጨርቅ ነጋዴ እንኳ ጣቃው ውስጥ ያለውን ቀዳዳ አስቀድሞ ያሳየ እንደ ሆነ ደንበኛው አይመለስበትም።

በጉለሌ በኩል ሁለት ክፍል የሚያከራዩ አንዲት መበለት ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምራቸው ሲሠሩበት ኖረዋል። በውላቸው ላይ፤ በልጃቸው እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ «ቤቱ ሲለቀቅ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ይታያል» የሚል። የመጨረሻው ተከራያቸው፤ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ፤ ለመልቀቅ ባስታወቀ ጊዜ እመት መበለቲቱ ዓርብ ማታ በልጃቸው በኩል ላኩበት። ቅዳሜ በ8 ሰዓት የአንድ አስመጪ ድርጅት ወጣት ጸሓፊን ከነሚስቱ ይዘው መጡና፤ የገዛ ግቢያቸው ሆኖ ሳለ ከተከራዩ በር ራቅ ብለው ቆመው «ቤቶች!» አሉ።

«ይግቡ፤ እትዬ፤ ቡናው ሊፈላ ነው» አለ ተከራዩ ብቅ ብሎ።

«ልጆቹ ተኝተው እንደ ሆነ እንቆያለን፤ ልጄ።»

ልጆቹ አልተኙም ነበር። እንግዶቹ ሁለቱን ክፍል አይተው፤ ቡና ጠጥተው፤ ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ብቻ እንደሚመጣ ከተከራዩ አፍ ሰሙ። መበለቲቱም «እውነቱን ነው፤ ስለዚህ ነው ሮቶ ያስቀመጠው» አሉ። ወጣቱ ጸሓፊ ሮቶውን ከነማቆሚያው፤ ሚስቱም የመስኮቱን መጋረጃ ከተከራዩ ላይ እዚያው ገዙ። ተከራዩ በ30 ወጣ፤ በማግስቱ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፤ አዲሶቹም በ2 ገቡ።